የእህቴ ስኳር የጠፋበት ዓመት

አሊዩ አምባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጠይባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ የቆላውን ሙቀት ይዞ ደብረ ብርሃን ይድረስና ያንን የናንተን ብርድ ትንሽ ያላላልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ልጄ ዙቤዳም ደህና ናት፤ አክስቴን ሳሚልኝ ትላለች።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ወልደተንሣኤ የገበያ ቀን አደረሰልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ሰው የሐኪም ነገር ቶሎ አይገባውም፣ አትፍረጂብኝ። ለጠየቅሽኝ ነገር መልሴ አንድ ነው፤ ተቀደጂ። የበላሽው ሁሉ ማታ በአፍሽ ከተመለሰ፣ ውኃ እንኳ አላልፍ ካለሽ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? የጨጓራሽ መውጫ በቁስል ጠባሳ ተዘግቷል ካሉሽ ጠባሳ በዱዓ ብቻ አይከፈትም። እኔ ዱዓውን አደርጋለሁ፣ አንቺ ለቢላዋው ተኚ።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ አይደርቅም ይባላል። የእናታችን እግር ከተቆረጠ በኋላ የሆነችውን ሁለታችንም አይተናል። አንቺ ግን ገና ሠላሳ ሰባትሽ ነው፤ መርፌ ከጀመርሽም አራት ዓመትሽ። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጭኔን ስወጋ ኖሬ ይኸው ጥጥና በርበሬዬን ሸጬ እገባለሁ። ባልሽ ያሕያ ልብስ ስፌቱን ትንሽ ትቶ አብሮሽ አዲስ አበባ ይውረድ። የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት ቀድሞ ያውጣ፤ መንገድ ላይ እንዳያጉላሏችሁ።

ለረመዳን እንደ ወትሮው ነይልኝ። አገሩ ጾሞ ሲውል ሁለታችን ስኳራሞች ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቀን ምሳ የምንበላበትን ነገር ሳስበው፣ አንቺ ከሌለሽ ያ እንጀራ በጉሮሮዬ አይወርድም። ብቻን ማፈር ከባድ ነው። ሁለት ሆነው ሲያፍሩት ይቀላል።

አዝላ ያሳደገችሽ እህትሽ
ነሲባ


አዲስ አበባ፣ ጥር 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእትዬ ነሲባ፣

በሕይወት አለሁ። ከዚህ በፊት ስላልጻፍኩልሽ አውፍ በይኝ፤ እጄ ብዕር የጨበጠው ዛሬ ነው። ከተቀደድኩ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። በያሕያ በኩል ስለ ሕመሙ ጠይቀሽኛል። ሕመሙን ተዪው፤ ሌላ የምነግርሽ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ሲስተሯ እንደ ልማዷ ደሜን ለክታ ሄደች። ተመልሳ መጥታ እንደገና ለካችው። ከዚያ የስኳር መርፌውን ሳትወጋኝ ይዛው ተመለሰች። ረስታው ነው አልኩ። በማግስቱም አልወጋችኝም፣ በሠልስቱም። በሳምንቱ የቀደደኝ ሐኪም፣ ዶክተር ዘርአ ዳዊት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ወይዘሮ ጠይባ፣ ስኳርዎ ወርዷል» አለኝ።

«ስለማልበላ ይሆናል» አልኩት።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት። አሁን ግን አጥሚቱንም ሾርባውንም ይጠጣሉ፤ ስኳሩ አልተመለሰም።»

በወረቀት ላይ ሣለልኝ። የተዘጋውን መውጫ ትቶ ጨጓራዬን ከወደ ታች ካለው አንጀት ጋር ሰፍቶታል። አሁን የምበላው ነገር የመጀመሪያውን የአንጀት ክፍል ዘሎ ያልፋል። «አንጀት ዝም ብሎ ቱቦ አይደለም» አለኝ። «ምግብ ሲደርስበት በደም ውስጥ መልእክት ይልካል። ሆርሞን እንለዋለን። መልእክቱ ቆሽት ዘንድ ሲደርስ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ስኳሩም ይወርዳል። የእርስዎ ቆሽት ደክሞ እንጂ ሞቶ አልነበረም። አሁን ምግቡ ታችኛው አንጀት ቶሎ ስለሚደርስ ጥሪው የበረታ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?» አልኩት።

ሳቀ። «በውጭ አገር ከልክ በላይ የወፈረ ሰው እንዲከሳ ብለው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ኦፕራሲዮን ያደርጋሉ። ሰውየው ገና ሳይከሳ፣ በቀናት ውስጥ ስኳሩ ሲወርድ አይተዋል። ለምን እንደሆነ እስካሁን ይከራከራሉ።»

አጥንቴ ተቆጥሮ የገባሁት ሴት ለወፍራሞች የተባለውን መድኃኒት አገኘሁ! ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ስፌቴን ይዤ ሳቅሁ።

ለክፉ ቀን ብዬ ያጠራቀምኳቸው ስድስት ብልቃጥ ኢንሱሊኖች ነበሩኝ። ያሕያ በወልደተንሣኤ እጅ ይልክልሻል። እኔን አያስፈልጉኝም። እትዬ፣ ይህን ቃል መጻፍ እንዴት ደስ ይላል! ደግሜ ልጻፈው፤ አያስፈልጉኝም።

ታናሽሽ
ጠይባ


አሊዩ አምባ፣ የካቲት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጠይባ፣

እንኳን አላህ ማረሽ። ብልቃጦቹ ደርሰዋል። ስድስት ናቸው። አመሰግናለሁ።

ልጅ ሳለን ለእኔ ያጠረኝ ቀሚስ ላንቺ ይወርድ ነበር። አሁን ላንቺ የተረፈሽ ወደ እኔ ወረደ። ዓለም እንዲህ ትገለባበጣለች።

ኋላ በላክሽው ደብዳቤ ስለ ዝምታዬ ጠይቀሻል። ምን ልበልሽ? ጥጥ ተወዷል። ሙቀቱ ጀምሯል። እናንተ ዘንድ መድኃኒት መስኮት ላይ ቢያድር አይበላሽም፤ እኔ ገንቦ በእርጥብ አሸዋ ቀብሬ፣ ጧትና ማታ ውኃ እያጠጣሁ ነው የምጠብቀው። አባታችን ብርዱ አገር፣ ትምህርት ቤቱ አገር የላከው አንቺን ነበር። እኔን ለባል ሰጠኝ፤ ባሌም ሞተ። ያንቺ ባል ይኸው ሆስፒታል በር ላይ ሲያድር ከረመ። ይህን የምጽፈው ቂም ይዤ እንዳይመስልሽ። ብቻ እናታችን አንድ ነገር እኩል አወረሰችን ብዬ እጽናና ነበር። ስኳሯን። እሱም እኩል አልነበረም ለካ።

ምን እየበላሽ ነው ላልሽው፣ የምበላውን እበላለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ሐኪም ጨጓራው ያልታመመ ሰው ይቀድዳል? የምጠይቀው ለሰው ነው።

ነሲባ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእትዬ ነሲባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የጻፍኩልሽ ሁለት ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ አውፍ በይኝ። ያስቀየምኩሽ ነገር እንዳለም አውቃለሁ።

ለጠየቅሽው ሰው መልሱን ይዣለሁ። ለቁጥጥር አዲስ አበባ ስወርድ ዶክተሩን ጠየቅሁት። «ለስኳር ብሎ ደህና ሆድ የሚቀድድ በአገራችን አላውቅም፤ እኔም አላደርገውም» አለኝ። ያ ሰው ማን ነው እትዬ?

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ጎረቤቴ ይመኙሻል ባለፈው ሐሙስ እዚህ ሆስፒታል በር ላይ አይታሻለች። ሰላም ልትልሽ ስትል ነጠላሽን ወደ ፊትሽ ስበሽ አለፍሻት። ቤቴ ከዚያ አምስት ደቂቃ አያስኬድም። ከቆላ ድረስ መጥተሽ እንዴት ደጄን ሳትረግጪ ትመለሻለሽ? ያሕያ ሲሰማ ምሳውን ትቶ ሊፈልግሽ ተነሣ።

ስለ ጤናዬ እንዳትጨነቂ። አልፎ አልፎ ከምግብ በኋላ ላብ ላብ ይለኛል፤ ያልፋል። ስኳሬ እስካሁን አልተመለሰም። ስለዚህ ዘንድሮ ልጾም ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያልጾምኩትን ረመዳን ልጾመው ነው! እንደ ወትሮው ወዳንቺ እወርዳለሁ፤ ሌሊት ተነሥተን ሱሑር አብረን እንበላለን፣ አብረን እናፈጥራለን...

ምን እንደጻፍኩ አሁን አነበብኩት። ወረቀቱን እንዳልቀድደው ሌላ የለኝም። እንዲሁ ላኩት።

ጠይባ


አሊዩ አምባ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጠይባ፣

አትምጪ።

ለማን እንደጠየቅሁሽ አሁን ልንገርሽ። ለራሴ ነው። ያን ሐሙስ ዕለት ደብረ ብርሃን ወጥቼ ሐኪሙ ፊት ቀርቤ ጨጓራዬን ያመኛል አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ዋሸሁ።

«ያስመልስዎታል?» አለኝ።

«ሌት ተቀን» አልኩት።

ሆዴን እዚህም እዚያም ተጫነው። አንቺ አመመኝ ያልሽኝን ቦታ አስታውሼ እዚያ ላይ ሲደርስ ጮህኩ። በራጅ አየኝ። ከዚያ «እናቴ፣ ይህ ጨጓራ ከእኔ ጨጓራ ይሻላል፤ ሂዱና ብሉበት» አለኝ። ወጣሁና አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። ደህና ነሽ ተብሎ የሚያለቅስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በዚያ ፊቴ ነው ደጅሽን እንድረግጥ የፈለግሽው?

ሐሰድ፣ ምቀኝነቱ፣ መልካም ሥራን እሳት እንጨት እንደሚበላ ይበላል ይላሉ ሸይኾቹ። እኔን እየበላኝ ነው። ዙህር ሰግጄ እጄን ስዘረጋ ለራሴ ልለምን እነሣና ያንቺ ስኳር ትዝ ይለኛል። ምን እንደምለምን አልነግርሽም።

ከአንድ ሆድ ወጥተን ሆድና ጀርባ ሆንን። አንቺ እዚያው ብርድሽ ላይ፣ ከባልሽ ጋር፣ ከነጾምሽ ቆዪ። እኔም ዘንድሮ መጋረጃ ጀርባ አልቀመጥም። ሰው የሚያደርገውን አደርጋለሁ።

ስለ ብልቃጦቹ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። አትጠይቂኝ።

ነሲባ


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእትዬ ነሲባ፣

ወደ ቤትሽ በደህና መግባትሽን ወልደተንሣኤ ነገረኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ማን እንዳመጣሽ፣ ስንት ቀን እንደተኛሽ አላስታውስም ብለሽ በዙቤዳ በኩል ጠይቀሻል። የማውቀውን ልጻፍልሽ።

ረመዳን በገባ በዘጠነኛው ቀን ዙቤዳ ከገበያ ስትመለስ መሬት ላይ አገኘችሽ። ትንፋሽሽ ከሩቅ ይሰማ ነበር አለች፤ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ጾመኛ ነሽ፣ መርፌ ካቆምሽ ከሳምንት በላይ ሆኖሻል፣ ይህን ሁሉ ለልጅሽ አልነገርሻትም። ወልደተንሣኤ የጫነውን ጤፍ መንገድ ላይ አራግፎ አንቺን ጭኖ የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አደረሰሽ። እኔ ስደርስ በሁለቱም እጅሽ ላይ ግሉኮስ የሚመስል ውኃ ተንጠልጥሎ ነበር። ሁለት ቀን ማንንም አላወቅሽም። በሦስተኛው ቀን ዓይንሽን ገለጥሽ፤ እኔን አየሽኝና ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ።

እዚያው ተቀመጥኩ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ አዛን ሲል ከአልጋሽ አጠገብ ሦስት ተምር በላሁ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ነሽ ያየሽው። እኔ የማስታውሰው ላቡን፣ የእጄን መንቀጥቀጥ፣ የክፍሉን መጨለም ነው። ደግሞም ያንቺን ድምፅ። ከአልጋሽ ልትወርጂ ስትታገዪ ሲስተሯ ይዛሽ፣ «ልቀቂኝ! ልጄ ናት! እህቴ ናት!» ስትዪ ሰማሁሽ።

ያን ዕለት የወደቅሁት ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። አምስተኛዬ ነው። «ላብ ላብ ይለኛል» ብዬ የጻፍኩልሽ እሱን ነበር። አንድ ጊዜ ምድጃ አጠገብ ወድቄ ክንዴ ተቃጥሏል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ጣፋጭ ነገር ስውጥ ጨጓራዬ አያቆየውም፤ በአንድ ጊዜ አንጀቴ ውስጥ ይወርዳል። አንጀቴ ደንግጦ ይጮኻል። ቆሽቴም ከሚገባው በላይ ኢንሱሊን ይለቃል፤ ስኳሬ ከልክ በታች ይወድቃል። በቀን ስድስት ጊዜ፣ እፍኝ እፍኝ፣ ጣፋጭ የሌለበት መብላት አለብኝ። ጾም የለም። እየጾምኩ በተምር ማፍጠር ደግሞ መርዝ ነው። ሠርግ ቤት ሰው ሲበላ ሦስት ጉርሻ ይዤ እቀመጣለሁ።

ይህን ለምን ደበቅሁሽ? እውነቱን ልንገርሽ። ዕድሜዬን ሙሉ እናታችን «ነሲባ ብርቱ ናት፣ ነሲባ ታውቃለች» ስትል ነው የሰማሁት። ስትሞት እንኳ የጠራችው አንቺን ነው፤ እኔ እግሯ ሥር ቆሜ ነበር። አንድ ጊዜ በአንድ ነገር ልበልጥሽ ፈለግሁ። «አያስፈልጉኝም» ብዬ ሁለት ጊዜ ስጽፍ እንደሚያቃጥልሽ አውቅ ነበር። ወላሂ አውቅ ነበር።

አሁን አንቺ ደግሞ መልሺልኝ። ብልቃጦቹ የት ናቸው? ዙቤዳን ብጠይቃት መሬት መሬት አየች።

ጠይባ


አሊዩ አምባ፣ ግንቦት 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጠይባ፣

ዒድ ሙባረክ፣ ቢዘገይም። ከዒዱ በፊት ልጽፍልሽ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ።

ብልቃጦቹን ቆርቆሮው ክዳን ሥር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። ገንቦው ውስጥ ቦታ ነበረ። የተረፋትን አልወጋም አልኩ። በየቀኑ እያለፍኩ አያቸዋለሁ፤ ሲበላሹ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ያንቺን ደስታ በፀሐይ የምቀቅለው ይመስለኝ ነበር። የራሴ ያለቀው ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ደብረ ብርሃን ባስጠይቅ ለዚያ ወር የለም ተባለ። በአምስተኛው ቀን አፌ ደርቆ፣ ዓይኔ ሲጋረድብኝ፣ ካንቺዎቹ አንዱን አንሥቼ አየሁት። መድኃኒቱ ጓጉሎ እንደ እርጎ ረግቷል። እንደዚያም ሆኖ ወጋሁት። ምንም አልሠራ። ሌላ ወጋሁ። እንዲሁ። ስድስቱንም ገድያቸዋለሁ፤ እኔንም ሊገድሉኝ ምንም አልቀራቸውም።

ሆስፒታል ሳለሁ ሐኪሙን ኀፍረቴን ውጬ ጠየቅሁት። እህቴ የሆነችውን ኦፕራሲዮን እኔ ብሆንስ፣ አልኩት። እሱም «እናቴ፣ የእርስዎ ቆሽት ሥራ ካቆመ ቆይቷል። አንጀትዎ የፈለገውን ያህል ቢጣራ አቤት የሚል የለም። ቢቀደዱም ስኳሩ አይወርድም፤ ትርፉ ቁስል ነው» አለኝ።

ይኸውልሽ። ያን ያህል የቀናሁበት ነገር ለእኔ ልክ ተሰፍቶ እንኳ አልነበረም።

ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ ቅናቱ ይወጣልኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም። እንደ አሮጌ ውሻ ቦታውን ቀይሮ ተኛ። ግን ያን ማታ ስትወድቂ ምን እንዳየሁ ልንገርሽ። ፊትሽ ሲገረጣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ ታየሽኝ፤ ያን ጊዜ ወባ ይዞሽ አዝዬሽ ወንዝ የተሻገርኩ ዕለት። ከጮኽኩ በኋላ ነው እንደምጠላሽ ትዝ ያለኝ። ከዚያ ወዲህ አጥብቄ ልጠላሽ እሞክራለሁ፤ እጄ ላይ አይጸናም።

አውፍ በይኝ። በስድስት ጊዜ ምግብሽ ላይ ምን ምን እንደምትበዪ ጻፊልኝ። ሽሮውን ወፈር አድርገሽ ትንሽ ትንሽ ብዪ። ክንድሽ ላይ ማር እንዳትቀቢ፤ ቫዝሊን ይሻላል።

ነሲባ


አሊዩ አምባ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለጠይባ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጧት ደረሰኝ። ሰላምታውን ኋላ አደርሳለሁ፤ ቀድሜ የምነግርሽ አለኝ።

ስኳርሽ መመለሱን፣ ሐኪሙ «አንዳንድ ሰው ላይ ከዓመታት በኋላ ይመለሳል፤ ቆሽቱ እንደገና ደክሟል» ማለቱን፣ ከሰኞ ጀምሮ መርፌ መውጋት እንዳለብሽና መወጋት እንደፈራሽ ጽፈሽልኛል። ያቺን ገጽ እንዳነበብኩ ደስ አለኝ። ጠይባ፣ ደስ አለኝ። ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ። ከሁለት ዓመት በላይ ስንጻጻፍ፣ ስትስቂ ስስቅ፣ ስትወድቂ ሳለቅስ፣ የወጣልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ቁጭ ብሎ ይህን ቀን ይጠብቃል። ከጧት እስከ ዐስር ሶላት በዚያ ደስታ ውስጥ ተቀመጥኩ። በርበሬ ልትገዛ የመጣች ሴት «ምን አግኝተሽ ነው ፊትሽ የበራው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ሱቁን ዘጋሁ። ሶላቴን ስሰግድ ግንባሬን ከመሬት ማንሣት አቃተኝ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት እውነት ነው።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። አዎ፣ ያማል። ጭን ከሆድ ይሻላል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ አትውጊ፤ ሥጋው ይደድርብሻል። ሳትበዪ አትውጊ። አንቺ ደግሞ እንደ እኔ አይደለሽም፤ ሆድሽ የተሰፋ ስለሆነ ስኳሩ ወጥቶ ወዲያው ሊወድቅብሽ ይችላል። ስንት እንደሚወጋ ሐኪሙ ሳይነግርሽ በራስሽ መጠን አንዲት ጠብታ እንዳትጨምሪ።

እሑድ በወልደተንሣኤ መኪና እመጣለሁ። የጧቱን ደስታዬን ከመምጣቴ በፊት የጻፍኩልሽ ፊቴ ላይ ራስሽ እንዳታነቢው ብዬ ነው፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ታነቢዋለሽ። ይህን አውቀሽ ልታስገቢኝ ካልፈለግሽ ለወልደተንሣኤ ንገሪው፤ ከመኪናው ሳልወርድ እመለሳለሁ። ካስገባሽኝ ግን የሰኞውን መርፌ እኔ ልውጋሽ። እጄ አይንቀጠቀጥም።

ነሲባ